ለዋናተኛ የሚሆን የእጅ ሰዓት እንዴት ይመረጣል?

የደባርቅ ልጅ ስለ ዋና ጽሑፍ ስታቀርብ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በስሜን ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ካልደረቡ የማትቻል አገር ናት። ከዙሪያችን የሚወርዱት ጅረቶች በበጋ ቁርጭምጭሚት አያረጥቡም፤ በክረምት ደግሞ ሞልተው ሲገሠግሡ እንኳን ሊዋኙባቸው ሊሻገሯቸውም ያስፈራሉ። ስለዚህ እናቴ «ለደባርቅ ልጅ ጋቢ እንጂ የዋና ልብስ ምን ያደርግላታል?» እያለች ስትቀልድብኝ ብዙ ጊዜ መልስ አጥቼ ዝም እላለሁ።

ይሁን እንጂ ዋና የተማርሁት በባሕር ዳር ነው። ላለፉት ሦስት ክረምቶች ትምህርት ሲዘጋ ከአክስቴ ዘንድ እየሄድሁ፣ ከሰፈራቸው አጠገብ በሚገኝ የአንድ ሆቴል ገንዳ ከአክስቴ ልጆች ጋራ እዋኝ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ውሃ ስጠጣ ከረምሁ፤ በሁለተኛው ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላርፍ አቋረጥሁ፤ በሦስተኛው ግን ምን ያህል እንደምዋኝ ለማወቅ ፈለግሁ። ይህም ጽሑፍ የመጣው ከዚህ ፍላጎት ነው።

ባለፈው የገና ሰሞን፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ታላቅ እኅቴ ደውላ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሴ መታሰቢያ የሚሆን ስማርት ዋች ልትልክልኝ እንዳሰበች ነገረችኝ። «ባለሱቁ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው እያለ አንዱን ያሳየኛል፤ ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜ ነው። እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም። አንቺ ጠይቂና የትኛው እንደሚሻል ንገሪኝ» አለችኝ። የሁለት ወር ደመወዝ ማለት ለእርሷ የሁለት ወር ልብስ ማጠብ፣ ወለል መወልወልና ሌሊት መነሣት ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ዋዛ ላየው አልቻልሁም። የፊዚክስ መምህራችንን እየጠየቅሁ፣ የልዩ ልዩ ሰዓቶችን መመሪያ እያነበብሁ፣ ከአክስቴ ልጅ የተዋስሁትንም ሰዓት በገንዳ ውስጥ እየፈተንሁ የተረዳሁትን፣ ለክፍል ጓደኞቼና ልጆቻቸው «ግዙልን» ለሚሏቸው ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ከዚህ ቀጥዬ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ሰዓቱ የሚያውቀውንና የማያውቀውን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ሰዓቱ በገንዳ ውስጥ ሜትር የሚለካ ይመስለዋል። አይለካም። ይቈጥራል እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰዓቱ ውስጥ አክስለሮሜትር የሚባል፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ሴንሰር አለ። ሥራውም የእጅን እንቅስቃሴ ለውጥ በሦስት አቅጣጫ፣ ማለት ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መመዝገብ ነው። በብዙዎቹ ሰዓቶች ከእርሱ ጋራ የእጅን መዞር የሚያውቅ ጋይሮስኮፕ የሚባል ሌላ ሴንሰር አለ፤ አንዳንዶቹም አቅጣጫ የሚለይ ኮምፓስ አላቸው። ዋናተኛዋ ክንዷን ስትወረውር፣ ውሃውን ስትስብ፣ እንደገና ስትወረውር ሰዓቱ ይህን የሚደጋገም እንቅስቃሴ የከበሮ ምት እንደሚያዳምጥ ሰው ሆኖ ይከታተለዋል። ከገንዳው ግድግዳ ስትደርስ ምቱ ይቋረጣል። ትዞራለች፤ ግድግዳውን በእግሯ ትገፋለች፤ ክንዶቿን ዘርግታ ለጥቂት ጊዜ ትንሸራተታለች፤ ከዚያ በኋላ ምቱ እንደገና ይጀምራል። ሰዓቱ ይህን መቋረጥና ይህን ግፊት ባገኘ ጊዜ «አንድ ጉዞ ተፈጸመ» ብሎ ይቈጥራል። በመጨረሻም የጉዞውን ቍጥር በገንዳው ርዝመት አባዝቶ ይህን ያህል ሜትር ዋኘሽ ይላል።

የገንዳውን ርዝመት ግን ከየት አገኘው? ባለቤቱ ነግሮት ነው። ካልተነገረው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላለትን፣ ወይም በፊት የዋኘበት ሰው የተወለትን ቍጥር ይዞ ያባዛል።

አያቴ ጸሎት ሲያደርሱ መቁጠሪያ ይይዛሉ። መቁጠሪያው ስንት ጊዜ እንደ ደገሙ ያስታውሳቸዋል እንጂ የደገሙት ረጅም ይሁን አጭር አያውቅም። ይህን ምሳሌ ስነግራቸው ስቀው «እንግዲያስ እኅትሽ የሁለት ወር ደመወዝ የምታወጣው ለመቁጠሪያ ነዋ!» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ላስታውስ። በእኛ ዘንድ «ዙር» የሚለው ቃል ለሩጫ እንጂ ለገንዳ በሚገባ አልተለየም። አንዱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን ዙር ይለዋል፤ ሌላው ሄዶ መመለሱን ዙር ይለዋል። በዚህ የተነሣ ሁለት ልጆች አንድ ዐይነት ዋኝተው አንዱ 20፣ ሌላው 40 ሲል ሰምቻለሁ፤ ተጣልተዋልም። በዚህ ጽሑፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን «ጉዞ»፣ ሄዶ መመለሱን «ምልልስ» ብዬዋለሁ። አብዛኞቹ ሰዓቶች የሚቈጥሩት ጉዞን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ሰዓቱን አዋሰኝ። በገንዳው ጠርዝ ላይ «25 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ስላለ በሰዓቱም ውስጥ 25 ተሞልቶ ነበር። አንድ ቀን ዋኝቼ ስወጣ ሰዓቱ 43 ጉዞ፣ 1,075 ሜትር አለኝ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለአባቴም ለእኅቴም ደወልሁ። ከዚህም በላይ ሰዓቱ በዚያው ቀን 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እንደ ዋኘሁ ጽፎልኝ ነበር።

ሮቤል ኪሮስ ሀብቴ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦሊምፒክ፣ በነሐሴ 2008 ዓ.ም.፣ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የዋኘው በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 መቶኛ ነው። እኔም በመስከረም ወደ ክፍል ስመለስ «ከኦሊምፒክ ዋናተኛ የምዘገየው 15 ሰከንድ ብቻ ነው» ብዬ አወራሁ። ጓደኞቼ አመኑኝ። አንዱ እንዲያውም በሰሌዳ ላይ ጻፈው።

ነገር ግን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣም ነበር። በዚያ ቀን የአክስቴ ትንሹ ልጅ በገንዳው ዳር ተቀምጦ በየጉዞው አንድ አንድ ጠጠር ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፍልኝ ነበር። የእርሱ ጠጠር 40 ነበር፤ ሰዓቱ ግን 43 አለ። ያን ጊዜ ልጁ ተሳስቷል ብዬ ጠጠሩን ናቅሁት። እኅቴ በገና ስትደውል ግን ነገሩ ትዝ አለኝ፤ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ባሕር ዳር በሄድሁ ጊዜም የግንበኛ ሲባጎና ሜትር ይዤ ሄድሁ።

ሲባጎውን በአንዱ ግድግዳ ጫፍ የአክስቴ ልጅ ያዘ፤ እኔ ወጥሬ ወደ ሌላው ሄድሁ፤ ከግድግዳው ሲደርስ ቋጠርሁት። ከዚያም በግቢው መሬት ላይ ዘርግተን በሜትር ለካነው። 18 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ተሳስተን ይሆናል ብለን ሁለተኛ ለካን፤ ያው ነው። ስለ ጽሑፉ ዘበኛውን ብንጠይቃቸው «እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ተጽፎ ነው ያገኘሁት» አሉን።

እንግዲህ ሒሳቡን አንባቢ ራሱ ያስላው። እውነተኛው ጉዞ 40 ነው፤ ርዝመቱ 18.40 ነው፤ ሲባዛ 736 ሜትር ይሆናል። ሰዓቱ ከነገረኝ 339 ሜትር ይጐድላል። «100 ሜትር» ያልሁትም አራት ጉዞ ነበርና በእውነቱ 73 ሜትር ከ60 ነው። በዚያው ፍጥነት እስከ 100 ብዘልቅ 1 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ያህል ይፈጅብኝ ነበር። ከሮቤል የምዘገየው 15 ሰከንድ ሳይሆን 44 ሰከንድ ያህል ነው ማለት ነው። በመስከረም በክፍላችን የተናገርሁትን በዚህ ገጽ አርሜዋለሁ።

ስለ ሮቤል ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ውድድር ከ59 ዋናተኞች 59ኛ በመሆኑ፣ ስለ ሰውነቱም ውፍረት፣ በብዙ አገር ጋዜጦች ተቀልዶበታል። የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው አውስትራልያዊው ካይል ቻልመርስ በፍጻሜው የዋኘው በ47 ሰከንድ ከ58 መቶኛ ነውና ልዩነቱ በእርግጥ ሰፊ ነው። ነገር ግን የሮቤል 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ እውነተኛ ነው። የኦሊምፒክ ገንዳ 50 ሜትር ነው፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም ይፈቀድ ይሆናል እንጂ ማጠር ፈጽሞ አይፈቀድለትም። በግድግዳው ላይም የዋናተኛው እጅ ሲነካው ሰዓቱን እስከ ሰከንድ መቶኛ የሚያቆም ሰሌዳ ተገጥሟል። በለንደን ኦሊምፒክ በ2004 ዓ.ም. በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ አገራችንን ወክለው የዋኙት ያኔት ሥዩምና ሙሉዓለም ግርማም ሰዓታቸው የተያዘው በእንዲህ ያለ ገንዳ ነው። እኔ ግን የራሴን የፈጠራ ቍጥር ከእነዚህ ከተለኩት ጋራ አወዳድሬ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ስለ ሰዓት መምረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «የምዋኝበትን ገንዳ እውነተኛ ርዝመት ይቀበላል ወይ?» የሚለው ነው። አንዳንዱ ሰዓት 25፣ 50 እና ሌላ አንድ ሁለት ቍጥር ብቻ አቅርቦ ከእነዚህ ምረጥ ይላል። ሌላው የፈለግኸውን ሙላ ይልና ከተወሰነ ቍጥር በታች ሲሆን እምቢ ይላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለስፖርት የተሠራ ገንዳ ብዙ ስለ ሆነ ይህ አያስቸግራቸው ይሆናል። በእኛ አገር ግን ተማሪ የሚያገኘው ገንዳ በአመዛኙ የሆቴል ነው፤ የሆቴል ገንዳ ደግሞ ለመዝናኛ እንጂ ለውድድር አልተሠራም። አንዱ ያጥራል፣ አንዱ እንደ ኩላሊት ይጠማዘዛል። የተጠማዘዘ ገንዳ ለሚዋኝ ሰው ምክሬ፣ ሁልጊዜ በአንድ መሥመር ላይ መዋኘትና ያንን መሥመር መለካት ነው።

ሁለተኛው ነገር የቈጠራው ስሕተት ነው። ሰዓቱ ለምን 43 አለ? በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ በገንዳው መካከል ቆሜ ነበር፤ ሁለት ጊዜ መነጽሬ ውሃ ስላስገባ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሕፃን ከፊቴ ስለ ገባ። ቆሜ እንደገና በእግሬ መሬቱን ገፍቼ ስነሣ፣ ሰዓቱ ግድግዳ የነካሁ መስሎት አንድ አንድ ጉዞ ጨመረልኝ። ይህን በኋላ ሆን ብዬ ደጋግሜ ፈትኜዋለሁ፤ ሁልጊዜም ባይሆን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የእንጨት ወይም የስፖንጅ ሰሌዳ በሁለት እጅ ይዞ በእግር ብቻ ሲዋኙ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ እጅ ስለማይንቀሳቀስ ሰዓቱ ሰውዬው የቆመ ይመስለዋል፤ ምንም አይቈጥርም። ለዚህ አንዳንዶቹ ሰዓቶች ዋናተኛው ርቀቱን በእጁ እንዲጨምር ቦታ አዘጋጅተዋል። በግድግዳው ላይ በደንብ ሳይገፉ ቀስ ብሎ መዞርም ጉዞውን ያስረሳዋል። ስለዚህ ጠንክሮ መግፋት ለዋናተኛውም ለሰዓቱም ይጠቅማል።

ሰዓቶቹ «ስዎልፍ» የሚሉት አንድ ቍጥርም አለ፤ የዋናና የጎልፍ የእንግሊዝኛ ስም ተዳቅሎ የወጣ ቃል ነው። አንዱን ጉዞ ለመጨረስ የፈጀውን ሰከንድና የቀዘፋውን ቍጥር ይደምራል። በ24 ሰከንድና በ14 ቀዘፋ የጨረሰ ሰው 38 ያገኛል፤ ቍጥሩ ሲያንስ አዋዋኙ ተሻሽሏል ማለት ነው። ነገር ግን ሰዓቱ የታሰረበትን እጅ ብቻ ስለሚቈጥር ቀዘፋው በግማሽ ይታያል፤ ገንዳው ሲያጥርም ቍጥሩ ያንሳል። ስለዚህ የእኔን ስዎልፍ በሌላ ገንዳ ከሚዋኝ ሰው ጋራ ማወዳደር ከንቱ ነው። የትናንቱን ከዛሬው ጋራ በአንድ ገንዳ ማወዳደር ግን በጣም ይጠቅማል፤ እኔ ከሰዓቱ ሁሉ የወደድሁት ይህን ነው። በየጉዞው ሁለት ቀዘፋ መቀነስ የቻልሁት እርሱን እያየሁ ነው።

ስለ ውሃ መቋቋም በገበያ የሚነገረው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ነጋዴ ሁሉ «ዋተርፕሩፍ ነው» ይላል። መታየት ያለበት ግን በሰዓቱ ጀርባ ወይም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ነው። ለዋና «5 ኤቲኤም» ወይም «50 ሜትር» የሚል ሊኖረው ይገባል። በውሃ ውስጥ 10 ሜትር በወረዱ ቍጥር አንድ የአየር ግፊት ያህል ይጨመራልና፣ 5 ኤቲኤም ማለት ሰዓቱ በ50 ሜትር ጥልቀት ያለውን ያህል ግፊት በቤተ ሙከራ ችሏል ማለት ነው። 50 ሜትር ድረስ ሊጠልቁበት ተፈቀደ ማለት ግን አይደለም። «3 ኤቲኤም» የሚለው ለዝናብና እጅ ለመታጠብ ነው። «አይፒ68» የሚለው ብቻ ያለበትም በጸጥተኛ ውሃ ተነክሮ የተፈተነ ስለ ሆነ ውሃውን በክንድ ለሚመታ ዋናተኛ አይታመንም። ውሃ የሚያስቀረው የጎማ ማሸጊያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይበላሻል፤ ከገንዳ ከወጡ በኋላም የመድኃኒቱን ውሃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። በተረፈ ስክሪኑን በጣት የሚነኩት ሰዓት የውሃ ጠብታን ጣት እያደረገ ይታወካል። ለዚህ ስክሪኑን የሚቈልፍ ዘዴ አላቸው፤ እኔ ግን ቢቻል በጐኑ የሚጫኑት ቍልፍ ያለው ይሻላል እላለሁ።

የልብ ምት መለኪያውስ? ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ደም በመጣና በሄደ ቍጥር የሚመለሰው ብርሃን ይለዋወጣል፤ ከዚያም ምቱን ይቈጥራል። በየብስ ላይ ደህና ይሠራል። በውሃ ውስጥ ግን በሰዓቱና በቆዳው መካከል ውሃ ይገባል፤ ክንድም ሲወራጭ ሰዓቱ ይንቀሳቀሳል። እኔ ከገንዳ ወጥቼ አንገቴ ላይ በጣቴ ስቈጥር 150 የነበረውን ሰዓቱ 96 ያለበት ቀን አለ። ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ማጥበቅ ጥቂት ይረዳል። በደረት የሚታሰረው መለኪያ ይሻላል፤ ነገር ግን ብሉቱዝ በውሃ ውስጥ ስለማያልፍ፣ ምቱን በራሱ መዝግቦ ከውሃ ሲወጡ የሚያስተላልፍ ዐይነት መሆን አለበት። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ለተማሪ አይመከርም። ጣትና የግድግዳ ሰዓት ይበቃሉ።

በገንዳ ፋንታ በጣና የሚዋኝ ሰው ጉዳዩ ይለያል። በሐይቅ ግድግዳ ስለሌለ መቍጠር ቀርቶ መለካት ይመጣል፤ ይህም በጂፒኤስ ነው። የሳተላይቱ ምልክት ግን ውሃን አያልፍም። በነጻ ቀዘፋ እጅ በየጊዜው ከውሃ ስለሚወጣ ሰዓቱ ምልክቱን እየቀማ ይከተላል፤ በደረት ቀዘፋ ግን እጅ ከውሃ ስለማይወጣ መንገዱ እንደ ሰካራም ይጠማዘዛል። አንዳንዶች ሰዓቱን ከራስ ቆብ ሥር ያኖሩታል። ሆኖም ለጣና ብሎ ጂፒኤስ ያለው ውድ ሰዓት ከመግዛት በፊት፣ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ እንዳለ፣ ጉማሬም እንደሚገኝ ማሰብ ይገባል። አክስቴ ከሐይቁ እንዳልገባ ስለ ከለከሉኝ በዚህ ረገድ የራሴ ፈተና የለኝም። በጎንደርም በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶች በፋሲል መዋኛ ሲዘሉ ሁላችንም አይተናል፤ እዚያ ግን ሰዓት ሊያስር የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወላጆች ከሁሉ ይልቅ ሊጠይቁት የሚገባው ነገር ባትሪውና ስልኩ ነው። አፕል ዋች ለዋና የሚሆነውን ሰዓት በ2016 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ አሠራሩም ይመሰገናል። ነገር ግን ከአይፎን ጋራ ካልሆነ አይሠራም፤ መደበኛው ዐይነትም በየቀኑ ገደማ ቻርጅ መደረግ ይፈልጋል። በቤታችን ያለው ስልክ አንድሮይድ ነው፤ መብራትም ሲጠፋ ሁለት ቀን የሚቆይበት ጊዜ አለ። ለእኛ ያ ሰዓት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል ጋርሚን በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዋና ሰዓት እንደ ተራ ሰዓት በሚለወጥ ክብ ባትሪ አንድ ዓመት ያህል ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አይመረትም፤ ያሳዝናል። አሁን ካሉት መካከል በአንድ ቻርጅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የሚቆዩ፣ ዋጋቸውም መካከለኛና ዝቅተኛ የሆነ አሉ። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ የዋኘሁትን በራሱ ስክሪን የሚያሳየኝ፣ ያለ ኢንተርኔትም የሚያስቀምጥልኝ መሆን አለበት። የገንዳውን ርዝመት ለመለወጥ እንኳ ስልክና ኢንተርኔት የሚጠይቅ ሰዓት ለእኛ አይሆንም።

ስለ ከፍታችንም ጥቂት ልበል። በደባርቅ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 7 ዐሥረኛ ያህል ነው፤ በባሕር ዳር 8 ዐሥረኛ ያህል ነው። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ስለዚህ በአንድ ዐይነት ፍጥነት ስንዋኝ ልባችን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ይልቅ ይመታል። ብዙዎቹ ሰዓቶች «ብቃትሽ ደካማ ነው» የሚሉት ይህን ሳያስቡ ነው፤ መከፋት አያስፈልግም። ከፍታ የሚለካው ባሮሜትር ያለው ሰዓት ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው መልካም ነገር ነው፤ ለገንዳ ግን አይጠቅምም። የአየር መግቢያው ቀዳዳ ውሃ ሲይዝም እስኪደርቅ ድረስ የተሳሳተ ከፍታ ያሳያል።

የሰዓት አቈጣጠርም ሌላ ነው። ከውጭ የመጣው ሰዓት ጠዋት 7 ሲል እኛ 1 እንላለን፤ ዓመቱም ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይቀድማል። የዋናውን ደቂቃ ግን ይህ አይነካውም።

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ ለእኅቴ ደወልሁና፣ «እትዬ፣ የሰዓቱን ስም አትጠይቂ። ባለሱቁን በፊትሽ የገንዳ ርዝመት 18 ብሎ እንዲሞላ ጠይቂው። ከዚያ 5 ኤቲኤም የሚል እንዳለ እይ፤ ከአንድሮይድ ጋራ እንደሚሠራና ባትሪው ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቂ። ሌላው ሁሉ ይቅር» አልኋት። በማግስቱ ሄደች። የሁለት ወር ደመወዝ የተባለው ሰዓት ከ20 በታች አልቀበልም አለ። ባለሱቁ ራሱ ተገርሞ ሦስት ጊዜ ሞከረ አለችኝ። ከመስታወቱ ታችኛ መደርደሪያ የነበረ ሌላ ርካሽ ሰዓት ግን 18 ተቀበለ። 40 ሳንቲ ሜትሩን አልተቀበለም፤ ስለዚህ በ40 ጉዞ 16 ሜትር ይሰርቀኛል፤ እርሱን ራሴ እጨምራለሁ። ዋጋው የሁለት ሳምንት ደመወዟን እንኳ አልሞላም። «በቀረው ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አባቴ ስልኩን ተቀብለው «ለራስሽ አስቀምጪ» አሏት።

ሰዓቱ ለፋሲካ በመጣ ሰው እጅ ደርሶናል። እናቴ ከልብስ ሣጥኗ ቈልፋበታለች፤ ከፈተናው በፊት አይወጣም ብላለች። ሲባጎውን ግን ከደብተሬ ጋራ አኑሬዋለሁ፤ በ18 ሜትር ከ40 ላይ ቋጠሮ አለበት።